ለጦሩ ሐኪም ለሆነችው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ጤና መኮንን ሆነሽ ከአንድ ሻለቃ ጋር ልትዘምቺ መመደብሽን እናትሽ ነገረችኝ። እሷን የሚያስፈራት ጥይቱ ነው። ጥይቱን ለእኛ ተዪው፤ እንጸልይበታለን። አንቺን እንቅልፍ የሚነሳሽ የመጸዳጃው ጉድጓድ፣ የውኃው በርሜልና ቅማል የሚያድርበት የወታደሩ ካናቴራ ስፌት ይሁን። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነውና፣ እኔ ድሬሰር ሆኜ ጦር ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ድንኳኔን የሚሞላው ከቆሰለው ይልቅ የሚያስቀምጠውና የሚያንቀጠቅጠው ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የድሮ ዘመቻዎችን መጽሐፍ ሳገላብጥ ያንኑ ድንኳን በየአገሩ አገኘሁት።

ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ፤ የእኛ ተራ ሲደርስ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። በክሪሚያ ጦርነት፣ ከ1854 እስከ 1856፣ እንግሊዝ 21,000 ያህል ሰው ሲሞትባት 16,000 ያህሉን የወሰደው ኮሌራው፣ የደም ተቅማጡና ተስቦው ነው። አሜሪካኖቹ እርስ በርስ በተዋጉበት ጦርነት ከሦስት ሟች ሁለቱ በሽታ የገደለው ነበር። የገጠር ልጆች መጀመሪያ ሰፈር ሲገቡ በኩፍኝ ብቻ ያለቁበት ጊዜ አለ፤ ጠላት ሳያዩ።

«በዚያ ዘመን ምን ያውቁ ነበርና?» ትዪኝ ይሆናል። እኔም ድሮ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። የማዳጋስካሩን ዘመቻ ካነበብኩ ወዲህ ግን ይህን ሰበብ አልቀበልም።

ፈረንሳዮች ወባን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሕዝብ ነበሩ። ኪኒንን ከዛፍ ቅርፊት ለይተው ያወጡት በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች ናቸው። በ1834 አልጄሪያ ውስጥ ዶክተር ማዮ የሚባል የጦር ሐኪማቸው ኪኒን ቶሎና በርከት አድርጎ እየሰጠ በንዳድ የሚሞተውን ወታደር ቁጥር እንዴት እንደሚቀንስ አሳየ። የወባን ተሕዋስ በማጉያ መነጽር ያየው ላቨራንም የፈረንሳይ ጦር ሐኪም ነው፤ ያየውም በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ኮንስታንቲን በሚባል ከተማ በወታደር ደም ውስጥ ነው። ትንኟ አስተላላፊ መሆኗ ገና አልታወቀም፤ እሱን ሮናልድ ሮስ በ1897 ይደርስበታል። ረግረግ አጠገብ ማደር እንደሚገድል ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

በዚህ ሁሉ ዕውቀት ላይ ቆመው በ1895፣ ከዐድዋው ድል በፊት ባለው ዓመት ማለት ነው፣ 15,000 ያህል ወታደር ማዳጋስካር ላይ አወረዱ። የአገሩ ንጉሥ ቀዳማዊ ራዳማ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ «ሁለት ጄኔራሎች አሉኝ፤ አንዱ ሐዞ፣ አንዱ ታዞ» ብሎ ነበር ይባላል፤ ጫካና ንዳድ ማለቱ ነው። ፈረንሳዮቹ ጄኔራል ሐዞን ለማሸነፍ ብለው እጃቸውን ለጄኔራል ታዞ ሰጡ። ስንቁን በብረት ጋሪ እናጓጉዛለን ብለው ወሰኑ፤ ለጋሪው ደግሞ መንገድ አስፈለገ። እናም ከማጁንጋ ወደብ ተነሥተው የቤትሲቦካን ወንዝ ተከትለው በዚያ ረግረግ ውስጥ ወጣቶቹ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ዶማና አካፋ አነሡ። የወባ አፈር ሲቆፍሩ ይውላሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ ነገ ግማሾቹ አይነሱም። መንገዱ አንድ ምዕራፍ በተገፋ ቁጥር ከኋላው የመቃብሩ ረድፍ ይከተለዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ስንቁን ለማድረስ ብለው የሚበላውን ሰው ጨረሱት።

በመጨረሻ አዛዣቸው ጄኔራል ዱሼን ነገሩ ገባውና ጋሪውንም መንገዱንም ትቶ፣ መራመድ የሚችለውን ጥቂት ሺህ ሰው መርጦ፣ ጭነቱን በበቅሎ አድርጎ ገሠገሠ። በሴፕቴምበር 30 አንታናናሪቮን ያዘ። በውጊያ የሞተበት 25 ያህል ሰው ነው። በበሽታ የሞተበት ከ5,000 በላይ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ኪኒኑም፣ ማዮም፣ ላቨራንም የራሳቸው ነበሩ።

የሰው አገር ሊወርሩ ሄደው ነውና ለዘመቻው አላዝንም። ዶማ ያስያዙት የሃያ ዓመት ልጅ ግን አገሩንም ጦርነቱንም አልመረጠም፤ የአንቺም ወታደር እንደዚያው ነው።

አሁን ንጽጽሩን ስሚ። ከዚያ 20 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ እንግሊዞች የዛሬዋ ጋና ውስጥ አሻንቲን ሲወጉ፣ ወልዝሊ የሚባለው አዛዣቸው መንገዱና ማረፊያ ሰፈሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ ነጮቹን ወታደሮች ወደ ውስጥ አላስገባም። ጉልበቱን ያፈሰሰው የአገሩ ሰው መሆኑን ታሪክ ጸሐፊዎች ለዘብ አድርገው ነው የሚያልፉት። ወታደሩ በ1874 ጃንዋሪ መባቻ ገባ፣ ኪኒን በየቀኑ ታደለው፣ ፌብሩዋሪ 4 ኩማሲ ደረሰ፣ ወዲያው ወደ መርከቡ ተመለሰ። የታመመው ብዙ ነው፤ የሞተው ጥቂት። የወልዝሊ ሐኪሞች ከማዮ ተማሪዎች አይበልጡም። ልዩነቱ የመጣው የሐኪሞቹ ቃል የአዛዡ ትእዛዝ ሆኖ ስለወጣ ነው።

እኔ ልነግርሽ የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ አንቺ የምታውቂውን አዛዡ ካላዘዘው ጦሩ አያውቀውም።

የእኛንም ልንገርሽ። በ1858 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ፈንግል ገባ፤ የዛሬው ኮሌራ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከነቤተሰቡ፣ ከነጓዙ፣ ከነከብቱ በአንድ ቦታ ተፋፍጎ ነበር። ንጉሡ ከያዟቸው እንግሊዞች መካከል ሄንሪ ብላንክ የሚባል ሐኪም ነበር። ምክር ቢጠይቁት፣ ከሐይቁ ዳር ተነሥተው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ፣ ሕመምተኛውን ከደብረ ታቦር ራቅ አድርገው እንዲያስቀምጡ፣ ሠራዊቱንም በየአገሩ እንዲበትኑት መከራቸው። ንጉሡ ሰሙት። በጉዞው ላይ ብዙ ሰው ወድቋል፤ ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ ግን በሽታው በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። ይህን የጻፈው ብላንክ ራሱ ነውና፣ ሰው ራሱን ሲያመሰግን ትንሽ ይቀነስለት። ያም ሆኖ እስረኛ ተናግሮ ንጉሥ የሰማበትን ነገር እኔ ቀላል አላየውም። አንቺ ደግሞ እስረኛ አይደለሽም፤ ማዕረግ አለሽ።

ስለዚህ ስትደርሺ ሣጥንሽን ከመክፈትሽ በፊት ውኃው ከየት እንደሚቀዳ በእግርሽ ሄደሽ እዪ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። በዚያው በክሪሚያው ጦርነት፣ ከኢስታንቡል ማዶ ስኩታሪ በነበረው የእንግሊዞች ሆስፒታል፣ እንደገና በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1855 ላይ ከመቶ ታካሚ ከ40 በላይ ይሞት ነበር። በማርች ከለንደን የተላኩ የንጽሕና መርማሪዎች ገብተው ሕንፃው የተሠራው በተደፈነ የቆሻሻ ቦይ ላይ መሆኑን አዩ። በሚጠጣው ውኃ መውረጃ ውስጥ ደግሞ የበሰበሰ የፈረስ ጥንብ ተጋድሞ አገኙ። ጥንቡን አወጡ፣ ቦዩን ጠረጉ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፤ የሟቹ ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ወርዶ ወርዶ ከመቶ ሁለት ገደማ ሆነ። የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ የነበረችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በኋላ ያንን ቁጥር በሥዕል አድርጋ ሹማምንቱ ፊት አቀረበችው፤ እንባ ይዛ አልሄደችም።

አንቺም አዛዡን በእሱ ቋንቋ አናግሪው። «ወታደሩ ታሟል» አትበዪው። «ከ600 ሰው ነገ የሚሰለፍልህ 510 ነው፤ አጎበሩ ካልተዘረጋ በሳምንቱ 450 ይሆናል» በዪው። የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ከአዛዡም በፊት ወዳጅ አድርጊው፤ ሳሙናውን፣ አካፋውንና የውኃ ማከሚያውን የሚፈርመው እሱ ነው። ክትባት ላይ አትለማመጪ። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩስያ ሲዋጉ፣ ፕሩስያ ምልምሉን ሁሉ ጦር ሲገባ ደግማ ትከትብ ስለነበር፣ ፈረንሳይ በፈንጣጣ በሺዎች ስታጣ የጀርመኖቹ ሟች 500 አልሞላም። የፈረንሳይ ምርኮኞች ግን ፈንጣጣውን ይዘውት ሄደው ያልተከተበውን የጀርመን ሕዝብ ፈጀው፤ በፕሩስያ ብቻ በሁለት ዓመት ከ100,000 ሰው በላይ ሞተ። በሰፈርሽ ዙሪያ ያለው ገበሬም ያንቺ ታካሚ ነው የምልሽ ለዚህ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ወታደር ደግሞ ይደብቃል። ተቅማጥ እንደ ያዘው መናገር ያፍራል፣ ቅማል እንዳለበት ከመናገር ቢሞት ይመርጣል። አስር አለቆቹን ያዢ፤ ሌሊት ማን ስንቴ እንደወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አዛዡ እምቢ ያለሽ እንደሆነ አትሟገቺው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ፣ በዚያው ቀን ያልሽውን በአጭር ጽፈሽ፣ ቀኑንና ቁጥሩን አስፍረሽ ስጪው፤ ከሳምንት በኋላ ደግመሽ ሂጂ። ቅጂውን በደብተር ያዢ፤ ስትቀየሪም ለሚተካሽ ሐኪም ከመድኃኒት ሣጥኑ ጋር አስፈርመሽ አስረክቢው።