ስለ ልጅ የተገባ ብፅዓት

የፍቅር ታሪክ አንብቦ የጨረሰ ሰው ዘወትር የሚጠየቀው ፍቅረኞቹ ተገናኙ ወይስ ተለያዩ ተብሎ ነው፤ እኔ ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በቅርቡ እንደገና አንብቤ ስፈጽም ኅሊናዬን አላሳርፍ ያለው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መለያየት ሳይሆን፣ ሁለቱ ገና ሳይተዋወቁ፣ እንዲያውም ወንዱ ክፉና ደጉን ለይቶ ሳያውቅ፣ ወላጆቹ ስለ እርሱ ለእግዚአብሔር የገቡት ብፅዓት ነው። ሰው የራሱን ፈቃድ መሥዋዕት አድርጎ ለፈጣሪው ሊያቀርብ እንደሚችል ከአበው ተምረናል። የሌላውን ሰው ፈቃድ፣ ያውም የገዛ ልጁን፣ ሊያቀርብ ይቻለዋልን?

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው ከሞት ቢተርፍላቸው በድንግልና ኖሮ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳሉ፤ ልጁም ተረፈ። ብዙ አንባብያን የሁለቱን ወጣቶች መከራ በሙሉ በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት ላይ ይጭናሉ፤ እኔም ትዕቢቱን ልሸፍንላቸው አልሻም፤ ነገር ግን ፊታውራሪ አንድ ቀን ልባቸው ራርቶ ልጃቸውን ለድኻው ደብተራ ቢድሩ ኖሮ እንኳ ስእለቱ በሥፍራው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ትዕቢትን መርገም፣ መታገል፣ ከእርሱም ሸሽቶ በሌሊት ወንዝ መሻገር ይቻላል፤ በእናት እንባ የተጻፈውን ውል ግን ሰው በምን ይሸሸዋል? ደራሲው የጎጃም ካህን ልጅ ሆነው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ናቸውና በዚህ ስእለት አይሣለቁም፤ የበዛብህን ጭንቀት ከውስጥ ሆነው ስለሚያዩት አንባቢውም እንደ ቀልድ አልፎት ለመሄድ አይቻለውም።

እናቲቱን ለመክሰስ የሚደፍር ብዕር የለኝም። የልጅ ትንፋሽ ሲቆራረጥ በራስጌው ተቀምጣ የምታድር ሴት የምትሰጠውን ነገር መርጣ አትሰጥም፤ ያላትን ሁሉ ትሰጣለች፤ ያላትም እርሱ ብቻ ነው። ደግሞም ምሳሌ አላጣችም። ሐና ሳሙኤልን ገና ሳትፀንሰው ተስላ ጡት ባስጣለችው ጊዜ ለቤተ መቅደስ አስረክባዋለች፤ ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ አግብተዋታል፤ እኛም ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ብለን እናከብረዋለን። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት አገር የውድነሽ ስእለት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከጽድቅ የሚቆጠር ነው።

ነገር ግን እነዚህን ታሪኮች አንድ በአንድ ስመረምራቸው ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አገኛለሁ። ሳሙኤል በእናቱ ስእለት ወደ ሴሎ ቢወሰድም፣ እግዚአብሔር በሌሊት በስሙ ደጋግሞ ጠርቶታል፤ ብላቴናውም በመጨረሻ በገዛ አንደበቱ መልስ ሰጥቷል። ይህም ሳሙኤል አድጎ ኢዮኤልንና አብያን ወልዷል፤ የእናቱ ስእለት አገልግሎቱን እንጂ ትዳሩን አልነጠቀውምና። እመቤታችንም በወላጆቿ ብፅዓት በመቅደስ ብትኖርም መልአኩ ገብርኤል የመጣው ሊያስታውቃትና መልስዋን ሊሰማ ነው፤ እርስዋም የምትጠይቀውን ጠየቀች፣ ከዚያም ፈቀደች፤ የዓለም መዳን በአንዲት ድንግል ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። እንግዲህ ወላጅ የሚጀምረው ብፅዓት የሚፈጸመው ልጁ ራሱ ሲመልስ እንደ ሆነ ከዚህ እረዳለሁ። ኦሪትም ብትሆን ሰውን ለእግዚአብሔር የተሳለ ሁሉ እንዲቤዠው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ዋጋውን ወስናለች፤ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ወንድ ልጅ የተቈረጠው 5 ሰቅል ብር ነው። ሕጉ ራሱ በር ትቶ ሳለ፣ ያን በር ለበዛብህ የሚያሳየው የነፍስ አባት አለመኖሩ ከፊታውራሪው ጅራፍ ይልቅ ያሳዝነኛል።

ከዚሁ ጋር አያይዤ ያነበብኩት በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ሁላችን ጦቢያ የምንለው፣ ልብን ደስ የሚያሰኝ መጽሐፍ ነው፤ ቋንቋውም እስከ ዛሬ አቻ ያገኘ አይመስለኝም። በዚያ ግን ፍቅርና ሃይማኖት ሳይጣሉ አብረው ይሄዳሉ፤ ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ ይጠመቃል፣ ሰርጉም ይደገሳል። ስለዚህ የማደንቀው ብሆንም ለያዝሁት ጥያቄ መልስ አልሰጠኝም።

መልሱን ያገኘሁት በሰብለ ወንጌል ነው። ያች የባላባት ልጅ፣ የአፈወርቅ ጦቢያ የወንድ ልብስ እንደ ለበሰች፣ እርስዋ ደግሞ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ አባ ዓለም ለምኔ ተብላ፣ የምትወደውን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ወጣች። በመንገድ ላይ ቆቡ መሸሸጊያ ብቻ ነበር፤ በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ አግኝታ ከቀበረችው በኋላ ግን ያን ልብስ መልሳ አላወለቀችውም፤ የመነነችው ማንም ስለ እርስዋ ተስሎ ሳይሆን በገዛ ግዕዛኗ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እውነተኛውን ብፅዓት የፈጸመው የተሳሉለት ወንድ ሳይሆን ማንም ያልተሳለላት ሴት መሆኗን ሳስተውል መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ሰዓት አሰብሁ።

አንዳንዱ ግን ይህ ምናኔ ለሞተ ሰው እንጂ ለእግዚአብሔር የቀረበ አይደለም ይል ይሆናል። እኔ አልስማማም። ቤተ ክርስቲያናችን መኃልየ መኃልይን ከዳዊትና ከነቢያት ጸሎት ጋር በአንድ መጽሐፍ አስጠርዛ፣ የሙሽራዪቱን ናፍቆት ክርስቶስና ቤተ ክርስቲያን ብላ እየተረጐመች፣ ፊደል የቈጠረው ልጅ ሁሉ እንዲደግመው ሰጥታዋለች። በሌሊት ከተማውን እየዞረች የምትወደውን የምትፈልገውን ሴት ቃል በማለዳ በመቅደስ የሚደግም ሕዝብ፣ ከበዛብህ መቃብር አጠገብ ሆና የምትጸልየውን መነኩሲት ጸሎትሽ ለሌላ ነው ሊላት የሚችል አይመስለኝም።