በመስኮት ያየነውና በደጃችን ያላየነው

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ሲባል ሰምታችኋል። ይህ አባባል ግን በእኛ በመንጌ ወጣቶች ላይ የሚሠራ አይመስልም። ከመካከላችን ፓሪስን የረገጠ ከአንዲት እኅት በቀር የለም፤ ፓሪስን የማይናፍቅም የለም። አሶሳ ደርሶ መመለስ እንደ ጉዞ በሚቆጠርበት ቤት አድገን፣ የባሕር ማዶውን ከተማ ስም አንድ በአንድ እንጠራለን። ለመሆኑ አገር ማየት ማለት ምን ማለት ነው? ያየ ሁሉስ ያውቃልን?

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን የዚያች እኅታችን ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ላይ በምትማርበት ጊዜ በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ወደ አውሮፓ ተልካ ነበር። ትምህርቱ ሲያበቃ ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ የልውውጥ ተማሪዎች ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው በአሥር ቀን ስድስት ከተማ ጎበኙ፦ ቡዳፔስት፣ ቪየና፣ ፕራግ፣ በርሊን፣ ስትራስቡርግና ፓሪስ። ሌሊት ይጓዛሉ፤ ቀን ይወርዳሉ። አስጎብኚው አርባ ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ በአርባ ደቂቃ ካቴድራሉን አይተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ወደ መቀመጫቸው ይመለሳሉ። ለዕረፍት ወደ እኛ መጥታ በአንድ እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ ይህን ስታጫውተን ሁላችንም ፎቶግራፎቹን ለማየት ተሻማን። ከ600 በላይ ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ፣ «የሰው ቤትስ ገብታችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ጥቂት አሰበችና፣ «አልገባንም» አለች።

ሆኖም ከጉዞዋ ሁለት ነገር በልቧ ቀርቷል። እኛም ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

የመጀመሪያው የራይን ወንዝ ድልድይ ነው። አውቶቡሱ ከጀርመን ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር ማንም አላስቆመውም። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ መንግሥታት የድንበር ቁጥጥሩን በከፊል መልሰውታል፤ ቢሆንም ብዙ መንገደኛ ዛሬም ሳይጠየቅ ያልፋል። ይህ ወንዝ ግን ደም የጠገበ ወንዝ ነው። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1870፣ በ1914 እና በ1939 ጦር ተማዘዋል። ስትራስቡርግ ራሷ ከ1871 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላልፋለች።

ታዲያ አውቶቡሱን ያሳለፈው ምንድን ነው? ሲሚንቶና ብረት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የሁለቱ አገሮች መሪዎች ደ ጎልና አደናወር የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ፣ በዚያው ዓመት የፈረንሳይና የጀርመን ወጣቶች የሚለዋወጡበት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ከ9 ሚሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች በልውውጡ ተካፍለዋል። የትምህርት ቤት ልጆች ሲለዋወጡ ልጁ ባዕድ ቤት ገብቶ ያድራል፣ ከማዕዳቸው ይበላል፣ በቋንቋቸው እየተሳሳተ ይናገራል፤ በተራውም የእነርሱን ልጅ በቤቱ ይቀበላል። ኢራስመስ የሚባለውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልውውጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር የተካፈሉት ከ11 አገሮች የተውጣጡ 3,244 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ልውውጥ የሚለው ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው፤ እንግዳ መሆንና እንግዳ መቀበል። አንዱ ብቻውን ከሆነ ጉብኝት እንጂ ልውውጥ አይባልም።

ሁለተኛው ነገር አንድ ጥያቄ ነው። አውቶቡሱ ነዳጅ ሊቀዳ በቆመበት ሰዓት ከጎኗ የተቀመጠች የሌላ አገር ተማሪ፣ «ባደግሽበት አካባቢ የሚኖሩት ሰዎች እነማን ናቸው? ምን ይበላሉ? በቋንቋቸው ሰላምታ እንዴት ይሰጣል?» ስትል ጠየቀቻት። እኅታችን መንጌ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች። ጎረቤቶቿ በርታዎች ናቸው። መልስ ግን አልነበራትም። «ስለ ወርቁ፣ ስለ ቀርከሃውና ስለ ማንጎው ነገርኳት። ስለ ሰዎቹ የምነግራት አጣሁ። መንጌንም ያየሁት በመስኮት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ» አለችን።

ይህን ስትናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ሃያ ሁለት ነበርን። እስቲ ራሳችንን እንመርምር ተባባልን። በበርታ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥቶ መልሱን መረዳት የሚችል ማን ነው? አምስት እጆች ተነሡ። በበርታ ጎረቤቱ ቤት ተቀምጦ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ የበላስ? ሰባት። ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራውን ዋዛ የሚባለውን ረጅም መለከት ሁላችንም በበዓል ሰምተናል። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው፣ ዜማው የሚወጣውም ነፊዎቹ በየተራ ሲቀባበሉት መሆኑን ግን ያወቁ ሦስት ብቻ ነበሩ። ስሙ ዋዛ ቢሆንም ነገሩ ዋዛ አለመሆኑን በዚያ ቀን ተማርን።

ይህ ለእኛ ቀላል ነቀፌታ አይደለም። የአንዳንዶቻችን አያቶች ወደዚህ አካባቢ የመጡት በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው ነው። እነርሱም በአውቶቡስ መጥተዋል፤ በጭነት መኪናና በአውሮፕላን ተጭነው የመጡም ብዙ ናቸው። ጉዞው ሽርሽር አልነበረም፤ ብዙዎቹም የሚሄዱበትን መርጠው አልተሳፈሩም። ያረፉበትም ምድር ባዶ ምድር አልነበረም፤ በርታዎች እያፈራረቁ የሚያርሱት፣ ከብት የሚያሰማሩበት ምድር ነበር። ባለ አገሩ ሳይጠየቅ እንግዳ መጣበት። እንግዲህ አርባ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆነን ኖረን የአስተናጋጃችንን ሰላምታ አለማወቃችን ምን ይባላል?

ከመካከላችን አንድ ወንድም ተነሥቶ ተከራከረ። «እነርሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። የምንበላው ሥጋ የተለያየ ነው። በአንድ ማዕድ እንዴት እንቀመጣለን?» አለ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ በአገራችን ብዙ ሰው በዚህ ይቸገራል። ነገር ግን ገንፎውና ማሩ፣ ማንጎውና ቡናው የማንም ሥጋ አይደለም። ሥጋው ቢለየን ቡናው ሊያገናኘን ይችላል። የኤማሁስን መንገደኞችም እናስታውስ። ከጌታ ጋር ረጅም መንገድ ሄዱ፣ ተነጋገሩም፤ ያወቁት ግን በመንገድ ሳይሆን እደር ብለው ለምነው ካስገቡት በኋላ፣ በማዕድ ነው።

ደግሞ አንድ ላይ መሆን ብቻውን መተዋወቅ እንዳልሆነ የራሳችን አገር ምስክር ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ የትግራዩን ልጅ ወደ ደቡብ፣ የጎጃሙን ወደ አሶሳ፣ የአሶሳውን ወደ ሐረር ሲያመጣ ኖሯል። ይህም ታላቅ ልውውጥ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ግቢውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄዱ። በክልላችንም በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በካማሺና በምሥራቅ ወለጋ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ከአሶሳ በነቀምት አዲስ አበባ የሚወስደውም መንገድ የሚያስፈራበትን ጊዜ አይተናል። የራይንን ድልድይ ያደነቅነው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ አውቶቡስ በሰላም መድረሱ የሚያስመሰግን ነገር ነውና።

እንግዲህ መጓዝ ከንቱ ነው ልንል ነውን? አይደለም። እኅታችን ባትሄድ ኖሮ ያ ጥያቄ ባልተጠየቀች፣ እኛም ባልተመረመርን ነበር። የጉዞ ትልቁ ጥቅም ሌላውን ማየት ብቻ ሳይሆን በሌላው መጠየቅ ይመስለናል። ወደ ውጭ ለመሄድ የምትመኙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዕድሉን ካገኛችሁ ሂዱ። ነገር ግን ስለ ጎረቤታችሁ ስትጠየቁ የምትመልሱትን ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ እሑድ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ስምንት ሆነን ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ራቅ ብሎ ወዳለው ወደ አንድ የበርታ አዛውንት ቤት ሄድን። ቡናና ስኳር ይዘን ነበር። አፍረን ደጅ ላይ ቆመን ሳለ አዩን። ልጃቸው እያስተረጎመልን የመጣንበትን ነገርናቸው፤ ቋንቋውን ልንማር፣ ልንጠይቃቸውም እንደምንወድ ነገርናቸው። አዛውንቱ ሳቁና የቀርከሃ በራቸውን እያሳዩ፣ «ይህ በር ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። ምን አዘገያችሁ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። እናንተስ፣ አንባቢዎቻችን፣ ቢጠይቋችሁ ምን ትመልሱ ይሆን?