የሬዲዮ ጨዋታና የዕውቀት አማና



በቤታችሁ ሬዲዮ ከሚከፈትባቸው ሰዓቶች አንዱን እስቲ አስቡት። እናት ምጣድ ዳር ናት፤ ልጆች ደብተራቸውን ዘርግተዋል፤ አባት ከሥራ ተመልሶ ጋደም ብሏል። በሬዲዮው ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ። አንደኛው «ሰማህ ወይ? ቡና ካንሰር እንደማያመጣ ተመራማሪዎች ደረሱበት አሉ» ይላል። ሌላው ይስቅና «እኔስ ድሮም አልተውኩትም» ብሎ ይመልሳል። ወዲያው ሌላ ወሬ ይከተላል። ነገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ግን አንድ ነገር ይዞ ቀርቷል። ነገ ጎረቤት ዘንድ ጀበና ሲቀርብ ይኸው ወሬ «በሬዲዮ ተነግሯል» ተብሎ ይደገማል። «በሬዲዮ ተነግሯል» ማለት ደግሞ በእኛ ሰፈር ትንሽ ማስረጃ አይደለም።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚሁ የሚነሣ ነው። የሳይንስን ዕውቀት አቅልሎና አጣፍጦ ለሰፊው ሕዝብ ማድረስ እስከ ምን ድረስ መልካም ነው? ከየት ጀምሮስ ነው ማጣፈጡ እውነቱን መብላት የሚጀምረው?

አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም እንደኔ በመድረሳ ያደጉ፣ ዕውቀትና ጨዋታ በአንድ ምንጣፍ ላይ አይቀመጡም ይላሉ። ዕውቀት ፈላጊ ሊደክም፣ ሊራብ፣ ከሸኹ ፊት ተንበርክኮ ሊቀራ ይገባዋል ባዮች ናቸው። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ዕውቀት የሚለፋለት ነገር መሆኑ እሙን ነው። ነገር ግን መድረሳ የመግባት ዕድል ያላገኘ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ቀኑን ሙሉ በሱቅና በእርሻ የሚውል ሰው ጆሮ እንጂ ጊዜ የለውም። ለእርሱ ዕውቀት የሚደርሰው በጆሮው በኩል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ደስ እያለው ሲሰማ ነው። የወሎ ዑለማዎች ይህን ከማናችንም ቀድመው ተረድተውታል። ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር በዐረብኛ ኪታብ የተማሩትን በአማርኛ መንዙማ እየገጠሙ በዐጀም ፊደል ሲጽፉ ያሰቡት ኪታብ የማይከፍተውን ሰው ነበር። ያ ሰው በዜማው እየተደሰተ ተምሯል፤ በመደሰቱም የቀነሰ ነገር የለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከባልደረቦቻቸው ጋር ይቀልዱ እንደነበር፣ በቀልዳቸው መሐል ግን ከእውነት እንደማይወጡ ሁላችንም የተማርነው ነው። ስለዚህ ነውሩን ቀልዱ ላይ ባንጥለው ይሻላል።

በሌላው ዓለምም ይህ ነገር ተሞክሮ የሠመረ ነው። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የቫይረስ ተመራማሪ የሆኑት ዶክተር ክሪስ ስሚዝ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ በምሥራቅ እንግሊዝ በሚደመጡ የአካባቢ ሬዲዮዎች የሳምንቱን የሳይንስ ወሬ በጭውውት ማቅረብ ጀመሩ። የዝግጅቱ ስም «ራቁት ሳይንቲስቶች» የሚል ነው። (አንባቢ ቅር እንዳይለው ልንገር፤ ሳይንሱን ከከባድ ቃላት ልብሱ አውጥተን እናሳያችሁ ለማለት ነው። እኔ ብሆን ሌላ ስም እፈልግለት ነበር።) አድማጭ ይጠይቃል፤ እርሳቸው ይመልሳሉ። ኋላም በደቡብ አፍሪካ ሬዲዮ ቀርበው የአድማጮችን ጥያቄ በዚሁ መንገድ መልሰዋል። ከዝግጅቱ ክፍሎች አንዱ ደግሞ «የወጥ ቤት ሳይንስ» የሚባል ሲሆን፣ አድማጭ በቤቱ ባለው ዕቃ ራሱ ሊሞክረው የሚችለውን ነገር የሚያሳይ ነው።

እኔን የማረከኝ መሳቁ ሳይሆን መጠያየቁ ነው። ስብከትና ንግግር አንድ አፍ ብቻ አለው፤ ጭውውት ግን ሁለተኛ ሰው አለው። ይህ ሁለተኛ ሰው ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ ለማሳመሪያ የተቀመጠ አይደለም። ምጣድ ዳር ያለችው እናት ከሬዲዮው ውስጥ ገብታ መጠየቅ አትችልምና እርሱ ወኪሏ ነው። «ኧረ ቆይ፤ ስንት ሰው ላይ ሞከሩት? በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ ላይ?» ብሎ ሊጠይቅላት ይገባል። ዝም ብሎ ከሳቀ ወኪልነቱን አልተወጣም። በንግድ ወኪል ሆኖ የባለቤቱን ዕቃ ሳይመዝን የሚረከብ ሰው ምን እንደሚባል ፊቅህ የቀራ ሁሉ ያውቃል።

ወደ ቡናው እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሰነድ ቡናን የሽንት ፊኛ ካንሰር «ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ነገሮች ተራ መድቦት ነበር። በሰኔ ወር 2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ 23 ሳይንቲስቶች ከ1,000 በላይ ጥናቶችን መርምረው ቡናን ከዚያ ተራ አወጡት፤ ካንሰር ያመጣል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኙም። ነገር ግን እነዚያው ሳይንቲስቶች፣ በዚያው ስብሰባ፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ማንኛውም መጠጥ፣ ቡናም ይሁን ሻይ ወይም ባዶ ውሃ፣ የምግብ መውረጃ ቧንቧን ካንሰር «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መደቡት። እንግዲህ የምሥራቹና ማስጠንቀቂያው አብረው የወጡ መንትዮች ናቸው። ሬዲዮው ሳቅ ያለበትን ግማሽ ወስዶ ሌላውን ግማሽ ከተወው ዋሸ ልንለው አንችልም፤ የተናገረው እውነት ነው። ሆኖም በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ ይህ የምግብ መውረጃ ካንሰር በብዛት የሚታይ መሆኑን፣ ተመራማሪዎችም ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች መካከል ገንፎን ከነትኩሱ መብላት እንደሚገኝበት ለሚያውቅ ሰው፣ የተተወው ግማሽ ነበር ለቤተሰቡ የሚያስፈልገው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለና ረጋ ብለን እንየው። ይኸው ኤጀንሲ በጥቅምት 2015 (እ.ኤ.አ.) እንደ ቋሊማ ያለውን በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተራ ሲያስገባው፣ በዚያው ተራ ውስጥ ሲጋራም ነበረ። ወሬው እየተቀባበለ ሲሄድ «ሥጋውና ሲጋራው እኩል አደገኛ ናቸው» ወደሚል ተለወጠ። ኤጀንሲው ግን እንዲህ አላለም። ተራው የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ነው እንጂ ጉዳቱ ምን ያህል እንደከበደ አይደለም።

ሐዲስ የቀራ ተማሪ ይህን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ሐዲስ ሶሒሕ ነው ስንል ዘገባው በታማኝ ሰዎች ሰንሰለት መድረሱን መመስከራችን ነው። ጉዳዩ የምግብ አበላል አደብን የሚመለከት ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ዶዒፍ የተባለው ደግሞ ስለ ታላቅ ነገር የሚያወራ ሆኖ ሰንሰለቱ ግን የላላ ሊሆን ይችላል። የወሬው ጥንካሬ ሌላ፣ የጉዳዩ ክብደት ሌላ። ኢማም አል ቡኻሪና መሰሎቻቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት የመጀመሪያውን በመመዘን ነበር። ታዲያ «ማን ነገረህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» በሚል ጥያቄ ያደገ ማኅበረሰብ «በጥናት ተረጋገጠ» የሚለውን ቃል ያለ ሰንሰለት መዋጡ ይገርመኛል። የትኛው ጥናት? የማን? ተረጋገጠ ወይስ ተጠረጠረ?

ነገርን ለማጣፈጥ ሲባል ሚዛኑን መጣል አዲስ በሽታ አይደለም። በ597 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት የባግዳዱ ዐሊም ኢብኑል ጀውዚ ቁስሳስ ስለሚባሉት ተራኪዎች ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ከእነዚህ ተራኪዎች አንዳንዶቹ ሕዝብ እንዲሰበሰብላቸው፣ እንዲያለቅስላቸውና እንዲደነቅላቸው ሲሉ መሠረት የሌለው ወሬ ይጨማምሩ ነበር። ኢብኑል ጀውዚ ግን ትረካን የሚጠሉ ደረቅ ሰው አልነበሩም። እርሳቸው ራሳቸው እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብላቸው መካሪ ነበሩ። አፍ መጣፈጡን ሳይሆን ለማጣፈጫ የገባውን ባዕድ ነገር ነው የተቃወሙት። የዛሬ የሬዲዮ አዘጋጅ ከእኚህ ሰው ብዙ ሊማር ይችላል ባይ ነኝ።

«ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ» የሚል አዘጋጅ ሊነሣ ይችላል። «‹ምናልባት› እና ‹ገና አልታወቀም› እያልኩ ብቀጥል አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል።» አቤቱታው ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ሰው አለማወቅን እንዲህ የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ልጆቻችን ማታ ማታ «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልሽ» እየተባባሉ ባልተጫወቱ ነበር። የዚያ ጨዋታ ጣዕሙ ያለው መልሱ ባልታወቀበት ጊዜ ውስጥ ነው። ያልታወቀውማ አገር እስከ መስጠት ያደርሳል! ሳይንስም አብዛኛው እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱ ያልተገኘለት እንቆቅልሽ ደግሞ በጥሩ አጫዋች እጅ ከተፈታው ይበልጥ ይጥማል። ኢማሙ ማሊክ ከሩቅ አገር ለመጣ ጠያቂ እንኳ ለብዙው ጥያቄ «አላውቅም» ማለታቸው ሲወራላቸው ይኖራል እንጂ አላዋረዳቸውም።

ነገሩ የቡና ወሬ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ነጭ ሽንኩርት የደም ግፊት ይቀንሳል ሲባል ሰምቶ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን ያቆመ ሰው በየሰፈራችሁ አይጠፋም። ከዚህም የከፋ አለ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ናይጄሪያ፣ በተለይም ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በካኖ፣ የፖሊዮ ክትባት ሴት ልጆችን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተዛመተ። ክትባቱ በካኖ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። የልጅነት ልምሻ ቫይረስ ከዚያ ተነሥቶ ወደ 20 የሚጠጉ አገሮችን አዳረሰ፤ ከሱዳን አልፎ ወደ እኛም አገር ገባ። መራመድ የሚችሉ ልጆች ነበሩ ሽባ ሆነው የቀሩት።

የካኖን ሰዎች «መሃይምነት» ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በከተማይቱ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ አንድ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ አዲስ መድኃኒቱን በልጆች ላይ ሞክሮ፣ ከልጆቹ የሞቱ ስለነበሩ ነገሩ ለዓመታት የቆየ ክስ አስነሥቷል። ስለዚህ ጥርጣሬው መነሻ ነበረው። እንዲህ ለተጠራጠረ ወላጅ «አስከትቡ፣ ደኅና ነው» የሚል ማስታወቂያ ቢደጋገም ምን ይጠቅመዋል? ጥያቄው «ውስጡ ምን አለ? ማን መረመረው? የመረመረውን ማን ያውቀዋል?» የሚል ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሰንሰለት ጥያቄ ነው። የተፈታውም በዚያው መንገድ ነው። ክትባቱ እንደገና ተመረመረ፤ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሙስሊም አገር፣ የተሠራው እንዲመጣ ተደረገ፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ካኖ ክትባቱን ቀጠለች። በነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ሲታወጅ ናይጄሪያም አብራ ነበረች።

ከዚህ የተነሣ ነው ለአካባቢ ሬዲዮ ትልቅ ግምት የምሰጠው። ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ድምፅ ማን እንደሆነ አይታወቅም። የወረዳው ነርስ፣ የልጆቻችን የሳይንስ መምህር፣ የእንስሳት ሐኪሙ በአካባቢው ሬዲዮ ሲናገሩ ግን አድማጭ ያውቃቸዋል፤ ቢሳሳቱም ነገ ገበያ ላይ ያገኛቸዋል። ይህ በራሱ አንደበትን ያርማል።

ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። አንድ ቀን ስለ ሳይንስ ስታወሩ ስቱዲዮው ውስጥ ቡና አስፈሉ። አቦሉ ከጀበናው ወደ ስኒው ሲንቆረቆር በማይክሮፎን ይሰማ፤ በየቤቱ ያለውም ሰው አብሮ ይቅዳ። የመለኪያ ቴርሞሜትር ከስኒው ውስጥ ክተቱና ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ተጫወቱ። በመሐሉ ሁለተኛው ሰው ይጠይቅ፤ 65 ዲግሪ ለምን ተባለ፣ አንድ ቀን ትኩስ የጠጣ ሰውስ ምን ይሆናል፣ «ሳያመጣ አይቀርም» ማለትስ ምን ማለት ነው። መልስ የሌለው ካለ «ይህ ገና አልታወቀም» ተብሎ ይታለፍ። ቁጥሩ ከ65 በታች ሲወርድ የስኒውን ጠርዝ በማንኪያ ኳ አድርጉልን፤ በየቤቱ ያለነውም ያን ጊዜ ፉት እንላለን።