የምንጩ ጎረቤት፦ ስለ ታዳሽ ኃይልና ስለ ፍትሕ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው ስለ አንድ ወንዝ ዳር ነዋሪ ብቻ ተነግሮ አይደለም። ከበረከት አጠገብ ተቀምጦ በረከቱን ያልቀመሰ ሰው ሁሉ በዚህ አነጋገር ውስጥ ራሱን ያገኛል። ጥማቱን የሚያመርረውም ውኃው በዓይን እየታየ ማለፉ ነው። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ወንዙ ሲገደብ፣ ነፋሱ ሲጠመድ፣ የከርሰ ምድሩ እንፋሎት በቧንቧ ሲወጣ ያ የቆየ አባባል አዲስ ጥያቄ አዝሎ ይመለሳል። ኃይል የመነጨበት ምድር ሰው፣ በደጁ አልፎ ከሚሄደው ኃይል ምን ይገባዋል? ከሩቅ ሆነን መብራቱን የምናበራው እኛስ ለእርሱ ምን ዕዳ አለብን?

ጥያቄው ለመሐንዲስና ለባለ በጀት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ምክንያቱም ኃይል ማጣት የኑሮ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነውና። በአፍሪካ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የማያገኘው ሕዝብ ወደ 600 ሚሊዮን ይጠጋል። ንጹሕ የማብሰያ ዘዴ የሌለው ደግሞ አንድ ቢሊዮን ገደማ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ጭሱ አስቀድሞ የሚገባው በእናቶችና በጀርባቸው በታዘሉ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው። ለእርሻው ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ኩበት ጉልቻ ሥር ይነዳል። ልጃገረዲቱ ትምህርት ቤት መዋል ሲገባት እንጨት ለቀማ ትውላለች። እንግዲህ ስለ ዕድገት የሚነገረው ሁሉ ወደዚህ ጉልቻ መድረስ አለመድረሱ ሊታይ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማጽናኛ አለ። የገጠሩ ሰው አነስተኛ ሶላር በጣሪያው ላይ ቢሰቀልለት ይበቃዋል ይባላል። ሶላር በእርግጥ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ኩራዙን አስጥሏል፣ ተማሪውን አስነብቧል፣ የእጅ ስልክ ሞልቷል። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3 ኪሎ ዋት ተኩል የሚደርስ ኃይል ይስባል፤ በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ከሚነደው ኃይል ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ለብርሃን የምትበቃው ሰሌዳ ምጣዱን ልታግለው አትችልም። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ነው። ጭሱን ከቤት ፈጽሞ ለማስወጣት ግን ብዙና ርካሽ ኃይል ያስፈልጋል። «ለድኻ ትንሽ ይበቃዋል» የሚለው አሳብ ቸርነት የሚመስል ንቀት ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከግድቡና ከነፋስ ማማው ጋር አይደለም፤ ትልልቆቹ ምንጮች ያስፈልጉናል። ክርክሩ ስለ አከፋፈሉ ነው።

ነገሩን በአንድ ሥፍራ እንየው። ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በማሳይ ምድር፣ ሱስዋ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ካለው ታላቅ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሁለት ረጃጅም መሥመሮች ይደርሳሉ። አንዱ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መሥመር ሲሆን፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ተደርጎ ተሠርቷል። በዚሁ መሥመር ኬንያ ከኅዳር 2022 ጀምሮ ከኢትዮጵያ 200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀመረች። ሌላው ከቱርካና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከሎይያንጋላኒ አካባቢ የሚመጣው መሥመር ነው፤ 365 የነፋስ ተርባይኖች የሚያመነጩትን 310 ሜጋ ዋት ያመጣል። ከሱስዋ ብዙም በማይርቀው በኦልካሪያ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ የከርሰ ምድር እንፋሎት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። በናይሮቢ የሚኖር ወገናችን ማታ አምፖሉን ሲያበራ የኦሞ ውኃ፣ የቱርካና ነፋስና የኦልካሪያ እንፋሎት በአንድ ሽቦ ተቀላቅለው ይደርሱታል። ይህ የክፍለ አህጉሩ ትልቅ ክንዋኔ ነው፤ ከከሰልና ከናፍጣ የራቀ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሸጠው ኃይል ነውና።

አሁን ደግሞ ሽቦዎቹን ተከትለን ወደ ምንጮቹ እንመለስ። የነፋስ ተርባይኖቹ የተተከሉት ሬንዲሌ፣ ሳምቡሩ፣ ቱርካናና ሌሎችም አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል በሚያሰማሩበት ምድር ነው። ማማዎቹ በ2017 ተተክለው ቢያልቁም፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መሥመር ባለመጠናቀቁ ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መረብ የገባው በ2018 ነበር። በ2021 ደግሞ የአካባቢና የመሬት ጉዳይ ፍርድ ቤት በሜሩ ባስቻለው ችሎት፣ የመሬቱ የይዞታ ማረጋገጫ የተሰጠው ሕጉ የሚያዘውን ሥርዓት ሳይከተል ነው ሲል ወሰነ። በኦልካሪያም በ2014 አራተኛው የእንፋሎት ጣቢያ ሲሠራ የማሳይ መንደሮች ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወሩ። ነዋሪዎቹ አቤቱታቸውን ለገንዘብ አበዳሪዎቹ፣ ለዓለም ባንክና ለአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ አቀረቡ፤ ጉዳዩም በሽምግልና ታይቶ በ2016 ስምምነት ተደረሰበት።

የኦሞም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በታኅሣሥ 2016 የተመረቀው ጊቤ 3 ቁመቱ 243 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከግድቡ በታች ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራና ሌሎችም ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ ኖረዋል። ወደ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው ውኃም 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ የሚመጣ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ድንበር ተሻግሮ የኬንያን ዓሣ አጥማጆች ይነካል። ሐይቁ ይደርቃል ተብሎ ብዙ ተፈርቶ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ዝናቡ በርትቶ ሐይቁ ከፍ ብሏል፣ ዳሰነቾችም በጎርፍ ተፈናቅለዋል። ስለዚህ ግድቡን ለእያንዳንዱ መከራ ተጠያቂ ማድረግ ከእውነት ያርቃል። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ቀድሞ የወንዙን ወቅት የሚወስነው ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነበር፤ ዛሬ ከዝናቡ ጋር የተርባይኑ ፍላጎትም ይወስናል። ተርባይኑ ምን ያህል ውኃ እንደሚለቅ ሲመከርም ደለል ጠባቂው ገበሬ በሸንጎው አልተቀመጠም።

በዚህ ጊዜ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ሊናቅ አይገባውም። የብዙኃን ጥቅም ከጥቂቶች ጥቅም ይበልጣል፤ አገር በአንድ መንደር ፈቃድ ታስራ ልትቀር አትችልም ይላል። በምሕንድስናውም በኩል ሐቅ አለው። ከሶዶ ወደ ሱስዋ የሚሄደው በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ ከፍተኛ መሥመር፣ እንደ ሰፈር ሽቦ በየመንደሩ አይቀጠልም፤ በመንገድ ላይ ኃይል ለማውጣት እጅግ ውድ የሆነ መለወጫ ጣቢያ ያስፈልገዋል። የቦረና እረኛ ሽቦው በራሱ ላይ እያለፈ በጨለማ ቢቀመጥ፣ ይህ የማንም ክፋት ላይሆን ይችላል። ደግሞም ገዥ የሌለው ኃይል ገንዘብ አያመጣም፤ ገንዘብ ካልመጣ ትራንስፎርመር አይገዛም፣ የገጠሩ ሽቦም አይዘረጋም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው ምንድን ነው? የብዙኃን ጥቅም የጥቂቶችን መሥዋዕትነት ሊጠይቅ ይችላል ካልን፣ መሥዋዕቱን የከፈለው ሰው ባለ ዕዳ ሳይሆን ባለ መብት መሆኑንም አብረን ተቀበልን ማለት ነው። ነፋሱን ማንም አልሠራውም፤ አርብቶ አደሩም «ነፋሱ የእኔ ነው» ሊል አይችልም። ግጦሹን ሲለቅ፣ ደለሉን ሲያጣ፣ ከመንደሩ ሲነሣ ግን ከራሱ ላይ ቆርሶ ለጋራው ማዕድ ሰጥቷል። ስለዚህ ለእርሱ የሚሠራው ትምህርት ቤት፣ የሚቆፈረው ጉድጓድ፣ የሚዘረጋው መብራት ዕዳ ይባላል፤ ምጽዋት አይባልም። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ምጽዋት ሰጪው በወደደው ጊዜና በወደደው መጠን የሚሰጠው ነው። ዕዳ ግን ቀን አለው፣ መጠን አለው፣ ቢቀር የሚከሰስበት ዳኛ አለው። በመንገድ ላይ ሊቀጠል የማይችለው መሥመር እንኳ ከሚሸጠው ኃይል ገቢ የተወሰነ ድርሻ ተቆርጦለት በሥሩ ላሉት መንደሮች በሌላ መንገድ፣ በአካባቢ መረብ ወይም ጠንከር ባለ የሶላር ጣቢያ መብራት ሊያስገባ ይችላል። ምሕንድስናው የከለከለውን በሒሳብ ማካካስ ይቻላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ፈቃድ ነው።

ስለ ወረፋም መናገር ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ለሁሉም መብራት ሊደርስ አይችልም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይጠብቃል። መጠበቅ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው መጨረሻው የማይታወቅ ሲሆን፣ ሁልጊዜም የሚጠብቁት እነዚያው ሰዎች ሲሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ከ2022 ወዲህ በኮምፒውተር የዲጂታል ገንዘብ ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ኃይል መሸጥ ተጀምሯል። የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ቀላል አይደለም፤ ሌሊት ገዥ አጥቶ የሚባክን ኃይል መሸጡም ብልኅነት ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሰልፉን አልፎ ከፊት ሲቆም፣ ከኋላ ያለችው የገጠር እናት ተራዋ በስንት ዓመት እንደሚደርስ የማወቅ መብት አላት። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ወደ እርሷ ሽቦ መሄዱ በግልጽ ከታየ መጠበቋ ለራሷ ጥቅም ይሆናል። ካልታየ ግን ወረፋው ወረፋ መሆኑ ይቀርና ጠባቂዋ በጊዜዋና በሳንባዋ የማሽኑን ዋጋ ትከፍላለች።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በሚያዝያ 2011 ተጀምሮ በመስከረም 2025 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ህዳሴ ግድብ የዚህ አባባል ምስክር ነው። መምህሩ ከደመወዙ፣ የጉልት ነጋዴዋ ከመቀነቷ፣ በስደት ያለው ከላቡ ቦንድ ገዝቷል። ይህ መዋጮ ኩራት ብቻ አይወልድም፣ ግዴታም ይወልዳል። ሎሚውን በጋራ የተሸከሙት ሰዎች ጌጡ ለጥቂቶች ብቻ ቢውል ምሳሌው ትርጉሙን ያጣል። ቦንድ የገዛችው እናት በማገዶ መጋገሯን ከቀጠለች፣ ግድቡ ለእርሷ ገና አልተመረቀም።

ስለ ታዳሽ ኃይል ስንናገር «ዘላቂ» የሚል ቃል እንጨምራለን፤ ብዙውን ጊዜም ቃሉን ለምንጩ ብቻ እንሰጠዋለን። ውኃው አያልቅም፣ ነፋሱ አይቆምም፣ ስለዚህ ዘላቂ ነው እንላለን። ነገር ግን ከቱርካና ዳርቻ የምንማረው ሌላ ነው። ነፋሱ ሳይቋረጥ የነፈሰበት ምድር በፍርድ ቤት ክርክር ሊናወጥ ይችላል። የምንጩ ጎረቤት ያልተስማማበት ሥራ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን በክስ፣ በቂምና በጥርጣሬ ላይ ይቆማል፤ ልጆቹም ቂሙን ይወርሱታል። የምንጩ ንጽሕና ለአሠራሩ ንጽሕና ዋስ አይሆንም። ከዓለም የካርቦን ልቀት የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 እጅ የማይሞላ በመሆኑ፣ በከሰል የበለጸጉት አገሮች የንጹሕ ኃይልን ግዴታ ሊያስተምሩን ሲነሡ ብንከፋ አይፈረድብንም። ሆኖም ንጹሑን ኃይል የምንመርጠው ለእነርሱ ብለን አይደለም። የምንመርጠው ለጎረቤታችን ሳንባና ለልጆቻችን ወንዝ ብለን ከሆነ፣ ያው ጎረቤት በሥራው መጀመሪያም ሊጠየቅ፣ በፍጻሜውም ሊካፈል ይገባዋል።

ወደ ፊትም በዚህ ቀጠና ብዙ ምርቃት ይኖራል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ የሜጋ ዋቱ ቁጥር ይነገራል። ቁጥሩን በደስታ እንስማ፤ ከእርሱ ጋር ግን ሌሎች ጥያቄዎችን እናንሣ። በአካባቢው ካሉት ቤቶች ስንቱ መብራት ገባለት? ስንት ምጣድ ከማገዶ ተላቀቀ? መሬቱን የለቀቁት ሰዎች የፈረሙበት ውል በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፏል? ከገቢው የሚደርሳቸው ድርሻ ስንት ነው፣ የሚከፈለውስ መቼ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በየወሩ የመብራት ሒሳብ የሚከፍል የከተማ ሰው ሁሉ የዚህ ኃይል ገዥ ነው፤ ገዥ ደግሞ የሚገዛው ከማን ደጅ እንደ መጣና ባለ ደጁ ምን እንደ ደረሰው የመጠየቅ መብትም ግዴታም አለው።