የሚሰማና የማይሰማ በደል

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ እንደ ወደደ ቢያደርገው ማን ሊከለክለው ይችላል? ይህ ጥያቄ ለእኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀላል አለመሆኑን ያስተማረኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን የመኪናዬ ጭስ ማውጫ ነው።

የምኖረው በውጫሌ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ ነው። የመኪናዬ ማርሚታ ዝጎ በተበሳ ጊዜ ወደ ጋራዥ ወሰድሁት። መካኒኩም ሦስት ምርጫ አቀረበልኝ፤ ይኸውም አሮጌውን መበየድ፣ ከፋብሪካው ጋር የሚመሳሰል አዲስ መግዛት፣ ወይም ድምፁ የሚያስገመግም ሰፊ ቱቦ ማስገባት ነበር። ደግሞም «ካታሊስቱን ብናወጣው መኪናህ በደንብ ትተነፍሳለች፤ ቢሸጥም ዋጋ ያወጣልሃል» አለኝ። እኔም ወጣትነት አታለለኝና የሚያስገመግመውን መረጥሁ፤ ካታሊስቱንም ሸጥሁ።

ከሞተር የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በየፍንዳታው የድምፅ ሞገድ ይዞ ይወጣል። ማርሚታ በውስጡ ባሉት ክፍሎችና በተበሳሱት ቱቦዎች ሞገዱን ከሞገድ ጋር እያጋጨ ያደክመዋል። ካታሊስት ደግሞ እንደ ማር እንጀራ በተበሳሳው አካሉ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ሲሆን፣ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ ያልተቃጠለውን ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ይቀንሳል። ስለዚህ አንደኛው ለጆሮ፣ ሁለተኛው ለሳንባ የቆመ ዘበኛ ነው። እኔ ሁለቱንም ዘበኞች በአንድ ቀን አሰናበትኋቸው።

ኃይልስ ጨመረልኝን? ለእሽቅድምድም በተዘጋጀ ሞተር ላይ ሰፊ ቱቦ ጥቅም አለው፤ በተራ መኪና ላይ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። ቢሆንም ጩኸቱን ስሰማ የምበር ይመስለኝ ነበር።

በሰፈራችን አራስ ነበረች። አንድ ማለዳ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጠሩኝና «ልጄ፣ መኪናህ አንተን ይዛህ ትሄዳለች፤ ጩኸቷን ግን ለእኛ ትታልን ትሄዳለች» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ በዚህ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና ያልፍ የለም ወይ? የእኔ ብቻ ምን ይጨምራል?» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ሳይቆጡ «እነዚያ እህል ይዘው ነው የሚጮኹት፤ ያንተስ ምን ይዛ ነው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። የድምፅ መለኪያ የሆነው ዴሲቤል በ10 በጨመረ ቍጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ እንደሚሆን አውቅ ነበርና፣ ማርሚታ የሌላት አንዲት መኪና እንደ ብዙ መኪና እንደምትቆጠር መካድ አልቻልሁም። ከሥራ ጋር የሚመጣ ጩኸትና ለራሱ ለጩኸቱ ሲባል የሚፈለግ ጩኸት አንድ አይደሉም። የፊተኛውን ጎረቤት የሚታገሠው ከጥቅሙ ስለሚካፈል ነው፤ ከኋለኛው የሚደርሰው ግን መከራው ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ዝም የሚለውን ማርሚታ ገዝቼ አስገባሁ። አራሷ ደስ አላት፤ አዛውንቱም «አብሽር ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። ነገር ግን ምርቃቱን ስቀበል ልቤ አላረፈም፤ ካታሊስቱን አልመለስሁምና። አዲሱ ውድ ነበር፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የሌለው ነውና የጠየቀኝ ማንም አልነበረም።

በዚህ ጊዜ የመንደሬ ስም ትዝ አለኝ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የተደረገው ውል በውጫሌ ስም ይጠራል። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛው ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ፈቃድን ሲሰጥ፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታን ይጭን ነበር። አንዱ ወረቀት ለሚሰማው ጆሮ፣ ሌላው ለተሰወረው ሐሳብ ተጻፈ። ከዚህም የተነሣ ጠብ ሆነ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተፈረደ። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መኪናዬም ሁለት ጽሑፍ ያላት ሆና አገኘኋት። ጎረቤቶቼ የሚሰሙት ዝምታ አንዱ ነው፤ ቱቦው በልጆቹ ቁመት ልክ የሚተነፍሰው ሌላው ነው። የተመረቅሁት በፊተኛው ነበር።

እርግጥ ሰበብ አይጠፋም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ «ይህ ነገር በኤሌክትሪክ መኪና በራሱ ጊዜ ያልፋል» ልል እችል ነበር። ዳሩ ግን ቀድሞ የገባው መኪና ዛሬም ይተነፍሳል፤ ሕፃኑም የሚያድገው ዛሬ ነው። ስለዚህ ለአራት ወር ቆጥቤ ካታሊስቱን መለስሁ። ያን ቀን ማንም አልመረቀኝም፤ የሚያውቅም አልነበረም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ጎረቤት የሚሰማውን በደል መተው መልካም ነው፤ ነገር ግን ያንን ያስተወህ እፍረት ሊሆን ይችላል። አንተ ጽድቅን መውደድህን የምታውቀው ከሳሽ በሌለው በደል ላይ ነው። እንግዲህ ዕቃ ስትመርጥ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለህ ከጠየቅህ በኋላ፣ «እኔ ካለፍሁ በኋላ ለሌላው ምን ይተውለታል?» ብለህ ደግሞ ጠይቅ።