የተሻለው መሣሪያ ለማን ይገባል?

ዋሽንት ነፊዎች ብዙ፣ ምርጥ ዋሽንቶች ግን ጥቂት ቢሆኑ ምርጡ ዋሽንት ለማን ይሰጥ? ጥያቄው የአርስጣጣሊስ ነው። ፈላስፋው «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው በሦስተኛው መጽሐፍ፣ ሥልጣንና ክብር በምን መመዘኛ ሊከፋፈል እንደሚገባ ሲመረምር ይህን ምሳሌ ያነሣል። መልሱ አጭር ነው፤ በዘር ለከበረው ወይም በመልክ ለሚያምረው ሳይሆን በአነፋፍ ለሚበልጠው ይሰጥ ይላል። ዋሽንት የተሠራው ሊነፋ ነውና፣ የተሠራበትን ዓላማ ከሁሉ አብልጦ በሚፈጽመው ሰው እጅ ሊገባ ይገባል። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» የሚለው የአማርኛ ተረትም በሌላ አቅጣጫ ይህንኑ ሐሳብ ይነካል፤ አያያዝ የማያውቅ ሰው የያዘው ነገር የእርሱ ሆኖ አይቆይም።

ይሁንና በአርስጣጣሊስ ምሳሌ ውስጥ ሰጪና ተቀባይ ሁለት ናቸው። በዛሬው ገበያ ግን ሁለቱም አንድ ሰው ሆነዋል። ሻጩ የገዢውን ገንዘብ ይቆጥራል እንጂ ጣቶቹን አይመረምርም። ቀድሞ ሌላ ሰው ሊፈርደው ይችል የነበረው ጉዳይ ወደ ገዢው ኅሊና ገብቶ፣ «ይህ ነገር በእውነት ይገባኛልን?» የሚል የግል ሙግት ሆኗል።

ሙግቱን ከአየር ላይ አውርዶ ለማየት አንድ ሰው ይታሰብ። በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ይኖራል፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ በሐበሻ ምግብ ቤት፣ እሑድ ጠዋት በጸሎት ቤት ባስ ጊታር ይጫወታል። በእጁ ያለው ርካሽ ባስ ብዙ ዓመት አገልግሎታል። አሁን እቁብ ደርሶታል፤ ዓይኑም ሲመኘው በኖረው አሜሪካ በተሠራ ፌንደር ባስ ላይ አርፏል። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አዲሱ ከ1500 ዶላር በላይ ያወጣል፤ በእስያ ፋብሪካዎች ለጀማሪዎች ከሚሠሩት ባሶች የብዙዎቹን አምስትና ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። በዚያው ገንዘብ ላይ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ አዲስ አበባ ለሚኖሩ እናት የሚላክ የመድኃኒት ወጪ ዓይናቸውን ጥለዋል። ይግዛ ወይስ ይተው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ይበጃል። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያ «ፕሪሲሽን» ብሎ የሰየመውን ኤሌክትሪክ ባስ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተቆሞ የሚመታውን ትልቁን የእንጨት ባስ በትከሻ ወደሚንጠለጠል መሣሪያ አወረደው። የመሣሪያው ወፍራም ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረትም የሚሰማ ነው። አድማጭ ዘፋኙን ይሰማል፣ በከበሮው ይጨፍራል፤ ባሱን ግን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ባሱ ሲቋረጥ ነው ቤቱ ምሰሶው እንደተነቀለ የሚሆነው። የሮሃ ባንድን ካሴቶች እየሰማ ያደገ ሰው ዘፈኖቹን በቃሉ ይወጣቸው ይሆናል፤ ባስ ይጫወት የነበረው ጆቫኒ ሪኮ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። በዲትሮይቱ የሞታውን ስቱዲዮ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ዘፈኖች ላይ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰንም ስሙ በሸክላ ሽፋን ላይ ለመጻፍ እስከ 1971 መጠበቅ ነበረበት።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ከባድ ነው። አድማጩ ልዩነቱን የማይለየው ከሆነ፣ በዚያ ላይ ድምፁ በአሮጌ ማጉያና በሳህን ኳኳታ መካከል የሚያልፍ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው ለማን ነው?

«ለከንቱ ውዳሴ ነው» የሚሉ ወገኖች ማስረጃ አያጡም። የሳሞሳታው ሉቂያኖስ በሁለተኛው መቶ ዘመን የጻፈው ታሪክ አለ። ኤቫንጌሎስ የሚባል የታረንቶም ባለጸጋ በዴልፊ ውድድር ላይ በዕንቍ ያጌጠ የወርቅ ክራር ይዞ ቀረበ። ሕዝቡ በመሣሪያው ግርማ ተደንቆ ዝም ብሎ ሲጠባበቅ፣ ሰውዬው ሲመታ ሦስት ጅማት በአንድ ጊዜ በጠሰ፤ ድምፁም ሣቅ አስነሣ፤ በመጨረሻ ተገርፎ ተባረረ። ያሸነፈው ልብሱ የነተበ፣ አሮጌ የእንጨት ክራር የያዘ ኤውሜሎስ የሚባል ሰው ነበር። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ተቀራራቢ ነገር አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዲያናፖሊስ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች፣ በ2012 ደግሞ በፓሪስ አካባቢ 10 ስመ ጥር ተጫዋቾች የያዙትን እንዳያዩ ተደርገው የስትራዲቫሪን ዘመን ቫዮሊኖችና አዲስ የተሠሩትን ሞከሩ። አሮጌውን ከአዲሱ በእርግጠኝነት መለየት አልቻሉም፤ በሁለቱም ሙከራ አብዛኞቹ የመረጡት አዲሶቹን ነበር።

እነዚህ ታሪኮች ድኻውን ያጽናናሉ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ሲነበቡ የሚሉት ሌላ ነው። የኤውሜሎስ ክራር አሮጌ ነበር እንጂ ብልሹ አልነበረም፤ ቅኝቱን ባይጠብቅለት ኖሮ ባላሸነፈም ነበር። በቫዮሊን ሙከራዎቹ የተወዳደሩት አዲስ መሣሪያዎችም በታወቁ ባለሙያዎች የተሠሩ ነበሩ። ጄመርሰን በጠቋሚ ጣቱ ብቻ፣ እምብዛም በማይለውጣቸው አሮጌ ክሮች ይጫወት እንደነበር ሲነገር ይኖራል፤ በእጁ የነበረው ግን የ1962 ፕሪሲሽን፣ በዘመኑ ሙሉ ባለሙያ የሚይዘው መሣሪያ ነበር። እንግዲህ ታሪኮቹ «መሣሪያ ልዩነት የለውም» አይሉም። የሚሉት ስምና ዋጋ አንድ ነገር፣ ለሥራ መታዘዝ ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

ይህ ልዩነት የጉዳዩ መክፈቻ ነው። ክብር የሌለው መሣሪያና እንቅፋት የሚሆን መሣሪያ አንድ አይደሉም። የባስ አንገት እንጨት ነው፤ ከሞምባሳ ወይም ከጂቡቲ እርጥበት ወደ ደጋ ደረቅ አየር ሲሄድ ይጎብጣል፣ ይቃናል። መቃኛው የላላ ባስ በዘፈን መካከል ቅኝቱን ይስታል። ክሮቹ ከአንገቱ ከመጠን በላይ ከፍ ያሉበት ባስ ሦስተኛው ሰዓት ላይ እጅን ያዝላል። ከእነዚህ እንክብካቤ የሚሹ ጉድለቶች ብዙዎቹ የሚወገዱት በግዢ ሳይሆን በጥገና ነው፤ የአንገቱን ብረት ማስተካከል፣ የክሮቹን ከፍታ ማውረድ፣ አዲስ ክር ማሰር፣ የላላውን መቃኛ መለወጥ። ዋጋቸው ከአዲስ መሣሪያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው፦ ተጫዋቹ የጎደለውን በስሙ ሊጠራው ይችላልን? «ዘፋኟ ዝቅ አድርጋ ስለምትዘፍን አምስተኛ ክር ያስፈልገኛል» የሚል ሰው ጉድለቱን ያውቀዋል። «የተሻለ ነገር እፈልጋለሁ» የሚል ግን ምኞቱን እንጂ ጉድለቱን ገና አላገኘውም። ጃኮ ፓስቶሪየስ የፈለገው ያለ ፍሬት የሚንሸራተት፣ እንደ ሰው ድምፅ የሚያዜም ባስ ነበር። የሚሻውን ስላወቀ የፌንደር ባሱ አንገት እንደ ምኞቱ ሆነ፤ ፍሬቶቹ ወጥተው እንጨቱ ጠንካራ ሙጫ ተቀባ።

«የተሻለ» የሚለው ቃል ራሱም ለምን ተብሎ ካልተጠየቀ ባዶ ነው። በገና በጅማቱና በመደገፊያው መካከል እንዚራ የሚባል ቍራጭ ቆዳ ይገባለታል፤ ያ የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጊታር ሠሪ ያንን ነዛሪ ድምፅ በባስ ላይ ቢሰማ ጉድለት ብሎ ሊያስወግደው ይጣደፋል። በገና ደርዳሪ ግን ያለ እርሱ ጸሎቱ ጸሎት አይመስለውም። ጥራት አንድ መሰላል ብቻ ያለው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጫፍ የሚወጣበት ነገር አይደለም።

ሆኖም የመጀመሪያው ፈተና ራሱ አድልዎ አለበት። «ያላዩት አገር አይናፍቅም»። ጥሩ መሣሪያ ይዞ የማያውቅ ሰው የጎደለውን በስሙ ሊጠራ ከቶ እንዴት ይችላል? ጥሩ ባስ ድምፁ ረዘም ብሎ ስለሚቆይ የጣትን ስሕተት አይሸፍንም፤ ያጋልጣል። በዚህ ምክንያት መምህር ይሆናል፤ ያስተማረውንም ትምህርት አስቀድሞ መመኘት አይቻልም። መድኃኒቱ ግን አሁንም መግዛት አይደለም፤ መዋስ ነው። የሥራ ባልደረባን መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ተውሶ፣ አንዱን ዘፈን በሁለቱም ተጫውቶ ቀድቶ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ማዳመጥ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ዓይን ተሸፍኖ ጆሮ ቢፈርድ ይሻላል።

ልዩነቱ በእርግጥ ተሰማ እንበል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል፤ እርሱም ከመጀመሪያው ይከብዳል። ገንዘቡ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በዚህ ስፍራ ጥበብ ሁልጊዜ ለእንጀራ ቦታ መልቀቅ አለባት ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ለባለሙያ ባስ የእንጀራ ገመድ ነው፤ ቤተሰቡም የሚበላው ከዚያው ነው። ታሪክም የሚመሰክረው አለ። በንጉሡ ዘመን በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ውስጥ የነበሩ ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት መሣሪያ የተቋሙ እንጂ የእነርሱ አልነበረም። ሙዚቀኛው ሥራውን ሲለቅ መሣሪያው እዚያው ይቀራል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት ለእነዚያ ሰዎች ተረት ብቻ አልነበረም። የራስን መሣሪያ መያዝ ነፃነት ነው። ነገር ግን በብድር የተገዛ መሣሪያ ያንኑ ነፃነት መልሶ ይወስዳል፤ ባለዕዳ ተጫዋች የማይወደውን ሥራ እንቢ ማለት አይችልም።

ታዲያ በልጅ ክፍያና በአዲስ ባስ መካከል ማን ይፈርዳል? ቀመር የለም። አንድ መለያ ግን አለ፤ ዋጋውን በቤት ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር መቻል። በሙዚቀኞች ዘንድ የመሣሪያን ዋጋ ለትዳር ጓደኛ ግማሹን ብቻ መንገር የታወቀ ቀልድ ነው። ቀልዱ የሚያስቀው እውነት ስላለበት ነው። ዋጋው የሚደበቅ ከሆነ ገዢው ፍርዱን በልቡ አስቀድሞ ሰጥቷል፤ የሚሸሸው ፍርዱ እንዳይነበብ ብቻ ነው። በተቃራኒው ሚስት፣ ልጆች፣ ምናልባትም በስልክ እናት ሰምተው፣ «የትምህርት ቤቱ ይከፈል፤ የቀረው ለባሱ ይጠራቀም» የተባለበት ግዢ ዘግይቶ ቢመጣም የሁሉም መሣሪያ ሆኖ ይገባል። ምናልባት መልሱ «አሁን አይሆንም» ይሆናል። ይህም ቢሆን ምኞቱ ተዋረደ ማለት አይደለም፤ ተራ ያዘ እንጂ። እቁብ የሚጥል ሰው ተራ መጠበቅን ያውቃል።

የግዢው ሙግት ሲያልቅ የባለቤትነቱ ይጀምራል። ፈረንሳዊው ዲደሮ እ.ኤ.አ. በ1769 ስለ አሮጌ የቤት ካባው በጻፈው አጭር ድርሰት፣ አዲስ ያማረ ካባ ካገኘ ወዲህ ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ግድግዳውም አስቀያሚ ሆነው እንደታዩትና አንድ በአንድ እንደለወጣቸው ያትታል። የአሮጌው ካባ ጌታ ነበር፤ የአዲሱ ባሪያ ሆነ። አዲስ ባስም እንዲሁ አዲስ ማጉያ ይጠራል፤ ማጉያው አዲስ ገመድና ጠንካራ ሣጥን ይጠራል። ከዚያ የሚብሰው ግን ፍርሃቱ ነው። ባለቤቱ መሣሪያው እንዳይጫር በማታቱ ውስጥ ይዞት መግባት፣ በጠባቡ መድረክ መቆም፣ ለወጣት ተማሪ ለአንድ ሰዓት መስጠት ይፈራል። ሣጥን ውስጥ የሚኖር ባስ በአርስጣጣሊስ ሚዛን ማንም እጅ ያልገባ ዋሽንት ነው።

በዚያው ሚዛን አሮጌው ባስም ይጠየቃል። ቍም ሣጥን ላይ አቧራ ሊለብስ አልተሠራም። ክሩ ተለውጦ፣ አንገቱ ተስተካክሎ ለአንድ ጀማሪ ቢሰጥ፣ ለገዢው እንቅፋት የነበረው መሣሪያ ለሌላው በር ይሆናል። በየከተማው መጫወት እየፈለጉ መሣሪያ ያጡ ወጣቶች አሉና፣ ወደ ተሻለው የሚሻገር ሰው ግዢውን የሚፈጽመው አዲሱን በያዘበት ቀን ሳይሆን አሮጌው የሚጫወት እጅ ባገኘበት ቀን ነው።

«ይገባኛልን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሲቀር ወይ ትዕቢትን ወይ ራስን መናቅን ይወልዳል፤ ከሁለቱም ሙዚቃ አይወጣም። ጉድለቱን በስሙ የጠራ፣ ዋጋውን በቤቱ ጮክ ብሎ የተናገረ፣ የያዘውን ሳይሰስት የሚጫወትና የተወውን ለሌላ የሚያስረክብ ሰው ግን ጥያቄውን በሥራ መልሶታል። የሚገዛው ባስ 300 ዶላርም ያውጣ 1500፣ ምሽት ላይ ዘፋኟ ድምፅዋን ስታነሣ ከሥሯ የሚቆምላት ድምፅ ካለ መሣሪያው ባለቤቱን አግኝቷል።