በአንድ ወንዝ ሁለት ሐዲድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅንዓት የተሠራ መልካም ሥራ መልካም ነውን? ይህ ጥያቄ ያደረብኝ ስለ ምድር ባቡር ታሪክ ሳነብ ነው።

በአሜሪካ፥ በኦሪገን ግዛት፥ ዴሹትስ የሚባል ወንዝ በገደላማ ሸለቆ ወደ ሰሜን ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1909 ሁለት የባቡር ከበርቴዎች፥ ጄምስ ሂልና ኤድዋርድ ሃሪማን፥ በዚህ ሸለቆ ወደ ቤንድ ከተማ ለመድረስ እሽቅድምድም ገጠሙ። ሂል በምዕራቡ ዳር፥ ሃሪማን በምሥራቁ ዳር ሐዲድ ያዘረጉ ጀመር። አገሩ ሕዝቡ የሳሳ ነበርና አንድ መስመር በበቃው ነበር።

ወንዙ በመካከላቸው ቢሆንም አልተላቀቁም። አንዱ ወገን የሌላውን መንገድ ይዘጋል፤ ባሩዱን ያፈነዳበታል፤ ከገደሉ አናት ቋጥኝ ይለቅበታል። ቋጥኙ የሚወርደው ግን በከበርቴዎቹ ላይ አልነበረም፤ ከጣሊያንና ከግሪክ እንጀራ ፍለጋ በመጣው ቆፋሪ ላይ ነው እንጂ። ሃሪማን በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሞተ፤ ፉክክሩ ግን አብሮት አልተቀበረም። እኔን እጅግ የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

አብርሃምና ሎጥ እረኞቻቸው በተጣሉ ጊዜ፥ አብርሃም ምርጫውን ለታናሹ ሰጥቶ ተለያዩ (ዘፍ. 13)። ያ መለያየት ጠብን ለማብረድ ነበር። እነዚህን ግን በሁለት ዳር ያቆማቸው ጠቡ ራሱ ነው።

ዳሩ ግን አንድ ወንድም «ባይፎካከሩ ኖሮ ባቡሩ ያን ያህል ፈጥኖ ይደርስ ነበርን?» ቢለኝ መልሱ ቀላል አይሆንልኝም። በ1911 ባቡሩ ቤንድ ገባ፤ በ1916 ታላላቅ የእንጨት መሰንጠቂያዎች ተከፈቱ፤ ብዙ ሰው ሥራ አገኘ። ሐዋርያው ጳውሎስስ ቢሆን፥ በቅንዓት የሚሰብኩ እንዳሉ እያወቀ፥ ክርስቶስ በመሰበኩ ደስ አላለውምን (ፊልጵ. 1)? ይህን ምዕራፍ ብዙ ቀን ይዤው ከረምሁ። ጳውሎስ የቀናተኞቹን በደል የተወው፥ የታሰረውም የተበደለውም እርሱ ራሱ ስለሆነ ይመስለኛል። የራሱን ቁስል ይቅር አለ። እኔ ግን በቆፋሪው ቁስል ላይ ቆሜ «ፍጻሜው አምሯል» እል ዘንድ ማን ሾመኝ?

ሁለቱ ኩባንያዎች በ1910 ተስማምተው ወደ ቤንድ በሚያስገባው ክፍል በአንድ ሐዲድ ለመጠቀም በቁ። በ1930ዎቹም የምሥራቁ መስመር ብዙው ተነቀለ፤ ዛሬ ከሥፍራው ከፊሉ የእግረኛ መንገድ ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ የተፈለጠው ለዚህ ነበር።

በሩቅ ሰው መፍረድ ይቀላል። እኔም በፈተና ሰሞን፥ የሚፎካከረኝ የክፍል ጓደኛዬ እንዳያገኘው፥ ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ከማይገባው መደርደሪያ ኋላ ሸሽጌ ነበር። ከፍ ያለ ነጥብ አገኘሁ። እናቴ ሰምታ ስትመርቀኝ አሜን አልሁ። መጽሐፉን አውጥቼ ለጓደኛዬ የሰጠሁት ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው፤ ከየት እንዳገኘሁት ሳይጠይቅ አመሰገነኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።